የክፍል ግሩፕ፦ መምህርና ወላጅ በቴሌግራም

የክፍል ግሩፕ በአንድ ክፍል የሚማሩ ልጆች ወላጆች ከክፍሉ መምህር ጋር የሚገናኙበት የማኅበራዊ ሚዲያ ቡድን ነው። በአዲስ አበባና በሌሎች ትልልቅ ከተሞች፣ በተለይ በግል የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈተው በቴሌግራም ነው። ስሙ አጭር ነው፤ «2ኛ ቢ ወላጆች» ዓይነት። አድሚኑ የክፍሉ ተጠሪ መምህር ነው፤ ወላጆች «ሆምሩም ቲቸር» የሚሉት። በመንግሥት ትምህርት ቤቶችም አለ። እዚያ ግን እንደ መምህሩ ትጋትና እንደ ወላጁ ስልክ ይለያያል።

ግሩፕ ከመምጣቱ በፊት ትምህርት ቤትና ቤት የሚገናኙት በልጁ በኩል ነበር። በጣም የታወቀው መልእክት «ነገ ወላጅ ይዘህ ና» ነው። ይህን የሰማ ልጅ ሌሊቱን በቅጡ አይተኛም። ወላጁም የመጀመሪያ ጥያቄው «ምን አጥፍተህ ነው?» ነበር። ጥሩ ነገር ለመስማት ትምህርት ቤት የሚጠራ ወላጅ እምብዛም ነው። የግል ትምህርት ቤቶች ደግሞ ኮሙኒኬሽን ቡክ አላቸው። መምህሯ የቤት ሥራውን ትጽፍበታለች፣ ወላጅ ማታ ይፈርማል፣ ጠዋት ተመልሶ ይሄዳል። ደብተሩ ቦርሳ ውስጥ ውኃ ይፈስበታል፣ ይጠፋል። ታላቅ እህት የእናቷን ፊርማ አስመስላ የምትፈርምበት ቀንም አለ። የወላጅ መምህር ኅብረት፣ ማለትም ወመህ፣ በየትምህርት ቤቱ አለ። እሱ ግን የሚመክረው ስለ አጥር፣ ስለ ወንበርና ስለ በጀት ነው። የእርስዎ ልጅ ዛሬ ለምን እንዳለቀሰ አይነግርዎትም።

ነገሩን የቀየረው ኮሮና ነው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ተገኘ። መጋቢት 7 ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነና 26 ሚሊዮን ገደማ ተማሪዎች ቤት ዋሉ። የሬዲዮና የቴሌቪዥን ትምህርት ተጀመረ። ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች ደግሞ ወርክሺት በቴሌግራም መላክ ያዙ። ወላጅ ሰፈር ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ፕሪንት አስደርጎ ያሠራል። ልጁ የሠራውን በስልክ ፎቶ አንስቶ ይመልሳል። ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ትምህርት ቤቶች በየደረጃው ሲከፈቱ ግሩፑ አልተዘጋም። ወላጅም መምህርም ለምደውት ነበር።

ቴሌግራም የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ፋይሉ የሚቀመጠው በኩባንያው ሰርቨር ላይ ስለሆነ የስልክ ሜሞሪ ቶሎ አይሞላም። በኅዳር የገባ አዲስ ወላጅ አድሚኑ ከፈቀደለት የመስከረሙን መልእክት ወደ ላይ ስቦ ያነባል። ስልክ ቁጥርን መደበቅ ይቻላል፤ ይህ በተለይ ለሴት መምህራን ትልቅ ነገር ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በነሐሴ 2010 የሞባይል ኢንተርኔት ዋጋን በ43 በመቶ መቀነሱም በሩን ከፍቷል። አንዳንድ ትምህርት ቤት ግሩፕ ሳይሆን ቻናል ይከፍታል። በቻናል ትምህርት ቤቱ ይናገራል፣ ወላጅ ይሰማል። ጫጫታ የለውም። ግን እንደ ማስታወቂያ ሰሌዳ ነው፤ ጥያቄ ያለው ሰው ግድግዳ አያነጋግርም። እኔ ጫጫታ ቢኖረውም ግሩፑን እመርጣለሁ።

አንድ ተራ ምሽት እንይ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ነው። መምህሯ ትጽፋለች፦ «ውድ ወላጆች፣ ነገ የሥነ ጥበብ ክፍለ ጊዜ ስላለ ባለቀለም ወረቀት፣ ማስቲሽና መቀስ ይያዝላቸው።» «እሺ ሚስ» የሚለው መልስ ይከታተላል። አንዱ አባት «በዚህ ሰዓት ከየት ይገኛል? ሱቁ ሁሉ ዘግቷል» ይላል። አንዲት እናት ደግሞ «እኔ ጋ ትርፍ ወረቀት አለ፣ ጠዋት በሩ ላይ እሰጣችኋለሁ» ትላለች። እነዚህ ሁለት ሰዎች ከዚያ በፊት ተያይተው አያውቁም ይሆናል። ጠዋት በር ላይ «የእገሌ እናት» እየተባባሉ ይተዋወቃሉ። እኩለ ቀን ላይ ሥዕል ይዘው የተደረደሩ ልጆች ፎቶ ይመጣል። አባትየው ቢሮ ሆኖ ያየዋል። ማታ «ዛሬ ምን ተማርክ?» ብሎ «ምንም» የሚለውን የዘወትር መልስ አይሰማም። «ያ ቢጫው አበባ ያንተ ነው?» ብሎ ይጀምራል፤ ልጁም ወሬውን አያቆምም። በእኔ አስተያየት የግሩፑ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው። ለወላጅ የጥያቄ መነሻ ይሰጠዋል።

ቮይስ ደግሞ ሌላ በር ከፍቷል። ማንበብና መጻፍ የማትችል እናት በኮሙኒኬሽን ቡክ ዘመን የምትፈርመው ምን እንደተጻፈ ሳታውቅ ነበር። አሁን መምህሯ በድምፅ ከላከችላት ሰምታ በድምፅ ትመልሳለች፦ «ሚስ፣ ሌሊት አስሞታል፣ ካልተሻለው ደውይልኝ።» ርቀትም እንደዚሁ ነው። ቤይሩት ወይም ዱባይ ሰው ቤት የምትሠራ እናት ልጇን አያቱ ጋ ትታ ብትሄድም ግሩፑ ውስጥ መግባት ትችላለች። አያት ትምህርት ቤት ደጃፍ ላይ ትጠብቃለች፤ እናት የፈተናውን ፕሮግራም ከዚያ ሆና ታስታውሳለች። ስለዚህ በአንድ ልጅ ስም ሦስት አራት አባል መኖሩ የተለመደ ነው።

ግሩፑ የሚጎዳበት ቦታም አለ። ዋናው የአንድን ልጅ ጉዳይ አደባባይ ማውጣት ነው። ወርሃዊ ክፍያ ያልከፈሉ ልጆችን ስም ዝርዝር የሚለጥፍ ትምህርት ቤት አለ። የፈተና ውጤትን ከአንደኛ እስከ መጨረሻ ደርድሮ የሚለጥፍም አለ። መጨረሻ ላይ ስሙ የተጻፈው የሰባት ዓመት ልጅ እናት ያንን ዝርዝር ከአርባ ሰው ጋር አብራ ታየዋለች። ይህ ስህተት ነው፤ ለስላሳ ቃል የለኝም። የሁሉም የሆነ ነገር ግሩፕ ላይ፣ የአንድ ልጅ የሆነ ነገር በውስጥ መስመር መሄድ አለበት። የልጆች ፎቶም እንዲሁ ወላጅን ሳይጠይቁ የሚለጠፍ አይደለም። ኢትዮጵያ አሁን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አላት፤ ፎቶም የግል መረጃ ነው።

የመምህሯም ድካም ይታሰብ። ስልኩም ዳታውም ብዙ ጊዜ የራሷ ነው። ከሌሊቱ 5 ሰዓት «ሚስ፣ የገጽ 34 መልስ ስንት ነው?» የሚል ወላጅ አይጠፋም። ጥሩ የሚሠሩ ክፍሎች ሰዓት ይቆርጣሉ፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ግሩፑ ለአድሚን ብቻ ይሆናል። የቤት ሥራ መልስ መለጣጠፍም ይከለከላል። አለበለዚያ የቤት ሥራውን የሚሠሩት ወላጆች ይሆናሉ።

ከዚያ ኔትወርኩ አለ። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ጠፍቶ ነበር። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገድበው ሰዎች ቪፒኤን እያበሩ ነበር የሚገቡት። በአማራ ክልል ደግሞ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ያ የተናቀው ደብተር ብቻውን ይሠራል። ስማርት ስልክ የሌለው ወላጅ ደግሞ በደህናው ቀንም ከግሩፑ ውጭ ነው። ልጁ በግሩፑ የታዘዘውን ነጭ ካልሲ ሳያደርግ የሚመጣው ባለመታዘዝ ሳይሆን ባለመስማት ነው። ኮሙኒኬሽን ቡክን ያልጣሉ ትምህርት ቤቶች ደግ አደረጉ እላለሁ።

ውጭ አገር ያሉ ሐበሾች ጥያቄያቸው ሌላ ነው፤ ቋንቋ። በአሜሪካ የመጀመሪያ ደረጃ ክፍሎች እ.ኤ.አ. በ2011 የተመሠረቱት ክላስዶጆና ሪማይንድ የተባሉ የመምህርና የወላጅ መገናኛ መተግበሪያዎች ተለምደዋል። መምህሯ በእንግሊዝኛ ትጽፋለች፤ እናት ተርጓሚ የምታደርገው ያንኑ ልጅ ነው። ልጁም ስለራሱ የተጻፈውን ወቀሳ አሳምሮ ይተረጉመዋል። በዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችሉ ነዋሪዎች በቋንቋቸው እንዲያገለግሉ ያስገድዳል፤ አማርኛም ከሚሠራባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። በሜሪላንድ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶችም ለወላጆች በአማርኛ ይጽፋሉ። ጉግል ትርጉም እ.ኤ.አ. በ2016 አማርኛን ካካተተ ወዲህ መልእክቱን ኮፒ አድርጎ መረዳት ቀሏል። ትርጉሙ አንዳንዴ ግራ ያጋባል፤ ቢሆንም እናትየው መልሱን ራሷ ትጽፋለች።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ግሩፑ ዝም ይላል። ሪፖርት ካርድ አሁንም በብዙ ትምህርት ቤት በእጅ ነው የሚሰጠው፤ ወላጅ መጥቶ ይፈርማል፣ መምህሯን ፊት ለፊት ያመሰግናል። ክረምቱን አንድ ሁለት ሰው የበዓል መልካም ምኞት ይልክበታል። መስከረም ላይ አድሚኑ ይቀየርና ስሙ «3ኛ ቢ ወላጆች» ይሆናል። የመጀመሪያው ጥያቄም ይመጣል፦ «የዘንድሮ ዩኒፎርም የት ነው የሚገኘው?»