ቅንጅታዊ አሠራር ምንድን ነው?

ሰሞኑን የአሜሪካ ግዛቶች ለሕፃናትና ለወጣቶች ስለሚሰጡት አገልግሎት አንድ ተንታኝ ሲናገር ሰማሁ። ቅንጅት የለም አለ። መፍትሔው መሥሪያ ቤቶቹን ሁሉ ጠቅልሎ አንድ ማድረግ ነው አለና «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብሎ ንግግሩን ዘጋ። ይህን ሐሳብ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ቆጥሬ አልዘልቀውም። ዓመታት በዚህ ሥራ ላይ ያሳለፍኩ ሰው ስለሆንኩ የዛሬውን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ምሳሌውን ካነሳው አይቀር፣ ድር በሸማኔ ቤት ምን እንደሆነ እናስታውስ። ድር በቁመት የሚዘረጋው ክር ነው። የፈለገውን ያህል ቢበዛ፣ ማግ በአግድም ካላለፈበት ጨርቅ አይሆንም። በግዛት መንግሥት ውስጥ ትምህርት፣ ጤና፣ የሕፃናት ደህንነት፣ የወጣቶች ፍርድ ቤት እያንዳንዳቸው ድር ናቸው። የየራሳቸው ሕግ፣ በጀትና ከፌዴራል መንግሥት የሚመጣ ገንዘብ አላቸው። ቅንጅት ማለት ማጉ ነው። ተንታኙ የሚለው ግን ድሩን ሰብስቦ መግመድ ነው። ከዚያ የሚወጣው ገመድ ነው፤ አንበሳ ለማሰር ይበቃ ይሆናል፣ ልጅ ግን የሚያስፈልገው የሚለብሰው ነገር ነው።

መጠቅለል ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ ለማየት የዋሽንግተንን ግዛት እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ ሕግ የሕፃናት ደህንነትንና የቅድመ መደበኛ ትምህርትን የያዘ አንድ መሥሪያ ቤት ተቋቁሞ በ2018 ሥራ ጀመረ። በ2019 ደግሞ ሕግ የተላለፉ ወጣቶች ማረሚያ ተጨመረበት። ጥሩ እርምጃ ነው ብዬ አምናለሁ። ይሁንና ትምህርት ቤቶችን የሚመራው የበላይ ኃላፊ ዛሬም በሕዝብ ድምፅ የሚመረጥ ነው፤ የአገረ ገዢው ሹም ስላልሆነ አገረ ገዢው ሊያዘው አይችልም። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን፣ ሜዲኬይድም፣ በሌላ መሥሪያ ቤት ሥር ነው። ስለዚህ ፎስተር ኬር ውስጥ ያለ፣ ማለትም ከወላጆቹ ተለይቶ በመንግሥት ኃላፊነት ሌላ ቤት የተቀመጠ፣ ትምህርት ቤት የሚሄድና ክሊኒክ የሚመላለስ ልጅ ዛሬም በሦስት መሥሪያ ቤት እጅ ነው። ድንበሩ ቦታ ቀየረ እንጂ አልጠፋም።

(ፎስተር ኬርን «ማደጎ» እያሉ የሚተረጉሙ አሉ። ማደጎ ዘላቂ ነው፤ ፎስተር ኬር ጊዜያዊ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያ ዓላማው ልጁን ወደ ወላጆቹ መመለስ ነው።)

ማጉ በቅርብ ሲታይ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ ስለ አንድ የ15 ዓመት ልጅ በተጠራ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ነበር። ከአምስት መሥሪያ ቤት ሰው መጥቷል፣ ሁሉም ዶሴውን ይዟል። ልጁ ከአንድ ቤት ወደ ሌላ ሲዛወር ትምህርት ቤትም ቀይሯል፤ የውጤት መዝገቡ ግን አልተከተለውም። ስለዚህ አዲሱ ትምህርት ቤት ያለፈውን አልጄብራ ከመጀመሪያው ያስተምረው ጀመር። የቀድሞው ትምህርት ቤት ሠራተኛ የተማሪ ምስጢር ሕግ ስለሚከለክል መስጠት አልችልም ብላ ነበር። ያ ሕግ ግን በ2013 ተሻሽሏል፤ የሕፃናት ደህንነት መሥሪያ ቤት በኃላፊነቱ ሥር ያለን ልጅ መዝገብ ያለ ወላጅ ፈቃድ መውሰድ ይችላል። በ2015 የወጣው የትምህርት ሕግ ደግሞ ለልጁ የሚበጀው እሱ እስከሆነ ድረስ በቀድሞ ትምህርት ቤቱ እንዲቆይ ያዛል። አምስቱ መሥሪያ ቤቶች በአንድ ጣሪያ ሥር ቢሆኑ ኖሮ ልጁ ምን ይጠቀም ነበር? የጎደለው ሕጉን የሚያውቅና ትምህርት ቤቱ ውስጥ ለማን እንደሚደውል የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር። ማጉን የሚያመላልሰው መወርወሪያ እሱ ነው።

መወርወሪያም ቢሆን የማጉ ክር የሚጠቀለልበት ቀሰሙ ባዶ ከሆነ ምንም አይሸምንም። ገንዘብ የሌለው አስተባባሪ ኮሚቴ እንደዚያ ነው፤ ይመላለሳል፣ ክር ግን አይተውም። ቨርጂንያ ይህን ቀድማ ገብቷታል። በ1992 ባወጣችው ሕግ በተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ተበታትኖ የነበረውን ገንዘብ በአንድ ቋት አድርጋ፣ ስለ ልጁ አገልግሎት የሚመክሩትን የአካባቢ ቡድኖች ከማኅበራዊ አገልግሎት፣ ከትምህርት ቤት፣ ከፍርድ ቤት፣ ከአእምሮ ጤናና ከወላጆች አዋቀረች። ሁሉም ገንዘብ ግን አይቀላቀልም። ፌዴራል መንግሥት ለፎስተር ኬር የሚከፍለው ድርሻ ልጁ የወጣበት ቤተሰብ ገቢ እየታየ የሚሰጥ ሲሆን፣ መለኪያውም ጁላይ 16 ቀን 1996 በሥራ ላይ የነበረው የድሃ ቤተሰቦች ድጎማ መስፈርት ነው። ገንዘቡን በቀላሉ አንድ ላይ አድርጉት የሚል ሰው ይህችን ቀን ቢያውቃት ደስ ይለኛል።

ደግሞም ሸማኔው ሁልጊዜ ግዛቱ አይደለም። በካሊፎርኒያ የሕፃናት ደህንነት ሥራ ከግዛት በታች ባሉ የአካባቢ አስተዳደሮች፣ በ58 ካውንቲዎች፣ በኦሃዮ በ88 ካውንቲዎች እጅ ነው፤ ግዛቱ ደንብ ያወጣል፣ ይደግፋል፣ ይከታተላል። በእነዚህ ግዛቶች የሚታየውን ልዩነት ከቅንጅት ጉድለት መቁጠር አወቃቀሩን አለማየት ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ማስተባበርንና መቆጣጠርን አንድ ማድረግ ነው። ተንታኙ «የሚያቀናጅና የሚቆጣጠር አንድ አካል» ሲል ሰምቼዋለሁ። ሸማኔው የራሱን ጨርቅ አይቶ ጥሩ ነው ቢል ገዢ አያምነውም፤ ወደ ብርሃን አንስቶ የሚያየው ሌላ ሰው መሆን አለበት። ኮነቲከት በ1995 ነፃ የሕፃናት ጠበቃ ቢሮ ያቋቋመችው ለዚህ ነው። ቢሮው አገልግሎት አይሰጥም፤ አገልግሎት ሰጪዎቹን ይመረምራል፣ ምስጢራዊ መዝገባቸውንም የማየት ሥልጣን አለው። አስተባባሪው ከሁሉም ጋር ተግባብቶ ካልኖረ ሥራው ይቆማል። ተቆጣጣሪው ግን የሚያስከፋ ነገር መጻፍ የሚችል መሆን አለበት። ሁለቱን ለአንድ ሰው የሰጠ መሥሪያ ቤት ሁለቱንም ያጣል።

ከፌዴራል መንግሥት የሚመጣም ቁጥጥር አለ። በ2001 የተጀመረው የግዛቶች የሕፃናት ደህንነት ሥራ ግምገማ በመጀመሪያው ዙር አንድም ግዛት ሰባቱን የውጤት መለኪያዎች በሙሉ ሳያሟላ ነው ያለቀው። ጠቅልለው የያዙትም፣ ለካውንቲ የሰጡትም አላለፉም። ገምጋሚዎቹ የመዋቅር ሥዕል አይተው አይመለሱም፤ ከተመረጡት ዶሴዎች ጀርባ ያሉትን ሰዎች፣ ዕድሜው ከደረሰ ልጁንም ራሱን ያነጋግራሉ። አልጄብራ የደገመው ልጅ ቢጠየቅ የሚነግራቸው መሥሪያ ቤቱ ስንት እንደሆነ ሳይሆን መዝገቡ ስንት ሳምንት እንደዘገየ ነው።