«ቤኒን የኢፌ ልጅ ነው?» ስለ ናይጄሪያ ነገሥታት ደጋግሜ የምሰማቸው ስሕተቶች

የአፍሪካ ታሪክ ማስተማር ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆነኝ። ምዕራብ አፍሪካ ላይ በደረስን ቁጥር ያው ጥያቄ ይነሳል። «ቲቸር፣ ቤኒኖች ከዮሩባ ነው የመጡት አይደል?» ከኋላ ሌላው ይነሳና «ኧረ ተቃራኒው ነው፣ ዮሩባን የመሠረተው የቤኒን ልዑል ነው፣ ቪዲዮ አይቻለሁ» ይላል። ሁለቱም እርግጠኞች ናቸው። እኔ ደግሞ እውነቱን ለመናገር ሰልችቶኛል። አንዴ ልጻፈውና ይውጣልኝ። ኢፌ የዮሩባ ሕዝብ ጥንታዊ ከተማ ናት፣ ቤኒን ደግሞ የኤዶ ሕዝብ መንግሥት ነበረች፤ ሁለቱም ናይጄሪያ ውስጥ ናቸው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ትንንሾቹን ቶሎ ቶሎ እናንሳቸው።

«የቤኒን ነሐሶች የቤኒን ሪፐብሊክ ቅርስ ናቸው»

አይደሉም። የቤኒን መንግሥት መዲና ቤኒን ሲቲ ናት። ዛሬ ያለችው ናይጄሪያ ውስጥ፣ ኤዶ በሚባለው ክልል ነው። ጎረቤቷ አገር እስከ 1975 ድረስ ዳሆሜ ነበር ስሟ። አዲሱን ስም የወሰደችው ከቤኒን ባሕረ ሰላጤ ነው። አንድ ተማሪዬ ስለ ኦባ (የቤኒን ንጉሥ) ኤሲጌ እናት ስለ ኢዲያ ጥሩ ጽሑፍ ሠርቶ ከጎኑ የቤኒን ሪፐብሊኳን ከተማ የኮቶኑን ካርታ ለጥፎ መጣ። ልቤ አዘነ፣ ምክንያቱም ጽሑፉ በእውነት ጥሩ ነበር።

«የኢፌን የነሐስ ራሶች የሠሩት ከውጭ የመጡ ሰዎች ናቸው»

ይህን የጀመረው ጀርመናዊው ሊዮ ፍሮቤኒየስ ነው። በ1910 ኢፌ ሄዶ ያየውን ጥበብ ለአፍሪካዊ መስጠት ከበደው። ግሪክና አትላንቲስ እያለ ጻፈ። በ1938 እዚያው ኢፌ ውስጥ ቤት ለመሥራት ሲቆፈር በርካታ ራሶች አንድ ላይ ወጡ። የኢፌ ሰዎች ሥራ መሆናቸውን ዛሬ የሚጠራጠር ባለሙያ የለም።

«ኦባ የዮሩባ ቃል ነው፣ ስለዚህ ኤዶዎችም ዮሩባ ናቸው»

ሱልጣን የሚለውን ማዕረግ አፋርም ኦማንም ይጠቀሙበታል። ማዕረግ መጋራት አንድ ሕዝብ አያደርግም። ኤዶኛና ዮሩባኛ የሩቅ ዘመዳሞች ናቸው። አንዱን የሚናገር ሌላውን ካልተማረ አይሰማም።

«ኢግቦ ንጉሥ ኖሮት አያውቅም»

በደቡብ ምሥራቅ ናይጄሪያ የሚኖሩት ኢግቦዎች ራሳቸው «ኢግቦ ኤንዌ ኤዜ» ይላሉ፣ ኢግቦ ንጉሥ የለውም ማለት ነው። አብዛኛው አገራቸው በሽማግሌና በጉባኤ ይተዳደር ስለነበር አባባሉ መሠረት አለው። ግን ንሪ ላይ የካህን ንጉሥ ነበር። ኦኒቻ ላይ ኦቢ የሚባል ንጉሥ አለ፣ የዘር ሐረጉንም ብዙዎች ከቤኒን ይስባሉ። ኢግቦ ኡኩ ላይ አንድ ሰው ግቢው ውስጥ የውኃ ጉድጓድ ሲቆፍር ያገኛቸው ነሐሶች ደግሞ 9ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ የተሠሩ ናቸው፣ ከታወቁት የቤኒን ነሐሶች በብዙ መቶ ዓመት ይቀድማሉ። እንግሊዞች ንጉሥ በሌለበት በወረቀት አለቃ ሲሾሙ ምን እንደተፈጠረ የ1929ኙ የሴቶች አመፅ ይናገራል። ከ50 በላይ ሴቶች በጥይት ተገድለዋል። ይህን ሳያውቅ «ንጉሥ የላቸውም፣ ኋላ ቀር ነበሩ» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ትዕግሥቴ ያልቃል።

«ነገሥታቱ ዛሬም አገር ይገዛሉ»

አይገዙም። የ1999ኙ ሕገ መንግሥት የአስፈጻሚነት ሥልጣን አልሰጣቸውም። ክብር፣ ተሰሚነትና መሬት ላይ ያላቸው ድምፅ ግን ከባድ ነው። በዚያው ልክ የክልሉ አስተዳዳሪ ሊያወርዳቸው ይችላል። የሰሜን ናይጄሪያዋ የካኖ አሚር ሳኑሲ በ2020 ከዙፋን ወረዱ፣ በ2024 ተመለሱ።

«ፉክክሩ የዮሩባና የኤዶ ጠብ ነው»

እንዲህ የሚል ሰው የዮሩባን ነገሥታት እርስ በርስ አላያቸውም። የኢፌው ኦኒና የኦዮው አላፊን ማን ይቀድማል በሚለው ስንት ዓመታቸው! በነሐሴ 2025 ኦኒው ለአንድ ነጋዴ የዮሩባን ምድር ሁሉ የሚመለከት የክብር ማዕረግ ሰጡ። አላፊኑ «በዮሩባ ምድር ስም ማዕረግ የምሰጠው እኔ ነኝ» ብለው ማዕረጉን እንዲሽሩ 48 ሰዓት ሰጧቸው። ሁለቱም የዮሩባ ነገሥታት አባት የሚባለው የኦዱዱዋ ልጆች ነን ይላሉ።

አሁን ወደ ዋናው።

«ወይ ቤኒን የኢፌ ልጅ ነው፣ ወይ ኢፌ የቤኒን»

እዚህ ጋ ረጋ ብለን እንነጋገር። ሁለት ተረኮች አሉ።

በዮሩባ በኩል ኦዱዱዋ ከሰማይ በሰንሰለት ወረደ። አፈር፣ ዶሮና የዘንባባ ፍሬ ይዞ ነበር። ዶሮዋ አፈሩን ጭራ ጭራ ምድርን ሠራች። ቦታው ኢሌ ኢፌ ነው። ዘሮቹ ዘውድ ይዘው በየአቅጣጫው ወጡ። አንደኛው ኦራንሚያን ቤኒን ሄደ፣ ቆይቶም ኦዮን መሠረተ።

በኤዶ በኩል ቤኒን ከኦባዎቹ በፊት ኦጊሶ የሚባሉ ነገሥታት ነበሯት። የመጨረሻው ኦዎዶ ይባላል። ልጁ ኤካላዴርሃን በሐሰት ተወንጅሎ ሞት ተፈረደበት። ሊገድሉት የተላኩት ሰዎች ግን አሳዘናቸውና ለቀቁት። ጫካ አቋርጦ ኢፌ ደረሰ። እዚያ የተከበረው፣ ኦዱዱዋ የተባለው እሱ ነው ይላሉ። የቤኒኑ ኦባ ኤሬዲያውዋ ይህንኑ በ2004 ባሳተሙት የሕይወት ታሪካቸው ውስጥ አሰፈሩት። በዮሩባ በኩል ቁጣ ተነሳ። የጋዜጣ ምልልሱ ረጅም ነበር።

ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ ጎራ ይለያል። እስቲ ሁለቱን ተረኮች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። በሁለቱም ቤኒን ንጉሥ ታጣለች። በሁለቱም ሽማግሌዎቿ ወደ ኢፌ መልእክት ይልካሉ። በሁለቱም የሚመጣው ኦራንሚያን ነው። በሁለቱም ዙፋኑ ላይ የሚቀረው ልጅ እናቱ ኤዶ ናት። የሚጣሉት ስለ አያቱ ስለ ኦዱዱዋ ነው! ዘመድ ነን ወይስ አይደለንም የሚል ክርክር አይደለም። ማን ታላቅ ነው የሚል ነው። በአንድ ቤት ልጆች መካከል የሚነሳ ዓይነት ክርክር ነው።

ሌላው የማይነገረው ነገር፣ የኦራንሚያንን ታሪክ ከሁሉም አሳምሮ የጻፈው ዮሩባ አይደለም። የቤኒን ሰው ነው። ጄኮብ ኤጋሬቭባ በ1930ዎቹ ከገዛ ከተማው አዛውንቶች ሰምቶ አሳተመው። ለተማሪዎቼ ሁሌ የምነግራቸው ክፍል አለ። የቤኒን ሽማግሌዎች ንጉሥ ስጠን ሲሉ የኢፌው ገዥ ሰባት ቅማል ላከላቸው። «ለሦስት ዓመት ጠብቃችሁ መልሱልኝ» አለ። ኦሊሃ የሚባለው መኳንንት ቅማሎቹን የባሪያው ፀጉር ውስጥ አስገብቶ አኖራቸው። በሦስተኛው ዓመት ወፍረው ተመለሱ። ገዥው ተገረመ። ቅማል እንዲህ የሚንከባከብ ልጄንም ይንከባከባል ብሎ ኦራንሚያንን ሰደደው።

ኦራንሚያን ግን አልተመቸውም። አገሩን «ኢሌ ኢቢኑ» አለው፣ የንዴት አገር። ይህን ሕዝብ መግዛት የሚችለው እዚሁ ተወልዶ ምሥጢሩን እያወቀ ያደገ ልጅ ብቻ ነው ብሎ ሄደ። የኤዶ ሚስቱ ወንድ ልጅ ወለደች። ልጁ አፉን አልፈታም። አባቱ ሰባት የመጫወቻ ፍሬ ላከለት። ልጁ እየወረወረ ሲጫወት ዒላማውን መታና ድንገት «ኦዎሚካ!» ብሎ ጮኸ። መታሁት እንደማለት ነው። ኤዌካ የሚለው የንግሥና ስሙ ከዚህ መጣ ይላሉ። እሱ ነው በ1200 አካባቢ የዛሬውን ሥርወ መንግሥት የጀመረው።

ቃሉ ከዮሩባኛ ነው ይባላል። የወጣው ግን ከኤዶ ልጅ አፍ፣ በኤዶ መሬት ላይ ነው። የቤኒን ሽማግሌዎች ይህን ሲተርኩ ያፈሩበት አይመስልም። ንጉሣችን ከሩቅ ክቡር ቦታ መጣ፣ ግን የኛ እስኪሆን ድረስ አልነገሠም እያሉ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ስሕተት «ልጅ ከሆነ ተገዥ ነው» የሚለው ነው። ቤኒን ለኢፌ ገብራ አታውቅም። በኃያልነቷ ዘመን ጭራሽ የቤኒን ጦር ወደ አኩሬ፣ ወደ ኤኪቲና ወደ ኦዎ ዘልቆ ምሥራቃዊ ዮሩባን ያስገብር ነበር። ኢፌ የነበራት ክብር የጦር ክብር አልነበረም። ዘውድ የሚባረክባት ቦታ ነበረች።

የኛንም ታሪክ የሚነካው ይኼ ነጥብ ነው። የፖርቱጋሉ ታሪክ ጸሐፊ ባሮስ በ16ኛው ክፍለ ዘመን እንዲህ ብሎ ጽፏል። የቤኒን መልእክተኞች ለንጉሥ ጆአው ዳግማዊ፣ ከአገራችን በምሥራቅ የ20 ወር መንገድ ርቆ ኦጋኔ የሚባል ታላቅ ንጉሥ አለ አሉት። አዲስ የቤኒን ንጉሥ ሲነግሥ ወደሱ ይልካል። እሱም በትር፣ የራስ ቆብና የነሐስ መስቀል ይሰጣል። ፊቱን ግን ማንም አያይም። ከሐር መጋረጃ ጀርባ ይቀመጣል። መልእክተኞቹ ሊሰናበቱ ሲሉ አንድ እግሩን ብቻ ብቅ ያደርግላቸዋል።

ፖርቱጋሎቹ መስቀል የሚለውን ሲሰሙ ልባቸው ዘለለ። በአፈ ታሪክ የሚፈልጉት ቄሱ ንጉሥ ዮሐንስ ይኼ ነው አሉ። ባሮስ እንደሚለው ንጉሡን ለፍለጋው ካነሳሱት ወሬዎች አንዱ ይህ ነበር። በ1487 የተላከው ፔሮ ዳ ኮቪልያ ዞሮ ዞሮ ደጃችን ደረሰ። አጼ እስክንድር ተቀበሉት። ከዚያ በኋላ እንዳይወጣ ተከለከለ። በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች ወደ አጼ ልብነ ድንግል ሲመጡ እዚሁ አገኙት። ይህን ክፍል ውስጥ ስናገር ወሬ ሁሉ ጸጥ ይላል።

ኦጋኔ ማን ነበር? ብዙዎች የኢፌው ኦኒ ነው ይላሉ፣ ምክንያቱም ኤዶዎች የኢፌን ገዥ «ኦጌኔ» ይሉታል። ሌሎች ደግሞ ኢፌ ከቤኒን በምዕራብ በኩል ስለሆነች ወደ ኒጀር ወንዝ አካባቢ ይፈልጉታል። ክርክሩ አልተዘጋም። አንድ ነገር ግን አለ። ከቤኒን ከወጡት ምስሎች መካከል ቆሞ የሚታይ ሰው ታገኛላችሁ። ደረቱ ላይ መስቀል ተንጠልጥሏል። ከአፉ ጥግ እስከ ጉንጩ እንደ ድመት ጢም የተዘረጉ መስመሮች አሉ። በእጁ መዶሻ የሚመስል ነገር ይዟል። ፎቶውን ተማሪዎቼ እጅ ላይ ሳስቀምጠው መጀመሪያ የሚነኩት መስቀሉን ነው።

ታዲያ ክርክሩ እንዲህ የከረረው መቼ ነው? «ጥንታዊ ጥላቻ» የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። በ1903 የሌጎሱ እንግሊዛዊ ገዥ፣ አንድ የአካባቢ ገዥ ባለ ዶቃ ዘውድ መድፋት ይገባዋል ወይ የሚለውን ለመወሰን ኦኒውን ከኢፌ ድረስ አስጠራቸው። የዘውድ ማዕረግ በመንግሥት መዝገብ መስፈር ጀመረ ማለት ነው። ከዚያ በፊት በ1897 እንግሊዞች ቤኒንን አቃጥለው፣ ቤተ መንግሥቱን ዘርፈው፣ ኦባ ኦቮንራምዌንን ወደ ካላባር አግዘዋቸዋል። በ1914 እዚያው አረፉ። ለመቅደላ ቅርስ የሚቆጭ ሰው ይህ ይገባዋል። በኋላ ኤዶዎች ዮሩባ በሚበዛበት ምዕራባዊ ክልል ውስጥ ገቡ። በ1963 በሕዝበ ውሳኔ ወጥተው የራሳቸውን ክልል አገኙ። «ከነሱ ነው የመጣችሁ» ሲባሉ የሚያማቸው ለዚህ ነው። ከአያት ታሪክ ጀርባ የበጀት፣ የወንበርና የመዋጥ ፍርሃት አለ።

ባለፈው ዓመት ሁለት ናይጄሪያውያን ቤቴ ቡና ጠጥተው ነበር። አንዱ የቤኒን ሲቲ ልጅ፣ ሌላዋ የኢፌ። በአቦሉ ስለ ኦዱዱዋ ተጀመረ። በቶናው ድምፃቸው ከፍ አለ። እሱ የቡና ፍሬ አንስቶ ምንጣፉ ላይ የኤካላዴርሃንን መንገድ ደረደረ። እሷ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ እያነሳች ወደ ኋላ መለሰቻቸው። ባለቤቴ ተጣሉ ብላ ደንግጣ ፈንዲሻውን ይዛ መሀል ገባች። አልተጣሉም። ኦራንሚያን ጋ ሲደርሱ ሁለቱም እኩል «የኛ!» አሉ።

ሌጎስም የዚሁ ቤት ናት። «የዮሩባ ከተማ ብቻ ናት» ማለትም፣ «ቤኒን ከባዶ የመሠረታት ናት» ማለትም ስሕተት ነው። ባለ ነጭ ቆብ የሚባሉት ባለርስቶች አዎሪ ዮሩባ ናቸው። የቤኒን ጦር እዚያ ሰፍሮ ነበር፣ የነገሥታቱ ሐረግም ከቤኒን ጋር ይያያዛል። ኤኮ የሚለው የጥንት ስሟ ለአንዱ እርሻ፣ ለሌላው የጦር ሰፈር ነው። የሌጎሱ ኦባ ቤተ መንግሥት ኢጋ ኢዱንጋንራን ይባላል፣ የበርበሬ እርሻው ላይ ያለው ቤተ መንግሥት ማለት ነው። ያ እርሻ የአዎሪዎቹ ነበር።

አሁንም «አንዱን ምረጥልን» የሚለኝ ተማሪ ካለ ዋሪን እሰጠዋለሁ። የዋሪ መንግሥት ሕዝብ የሆኑት ኢትሴኪሪዎች የሚናገሩት ቋንቋ የዮሩባኛ የቅርብ ዘመድ ነው። የመጀመሪያ ንጉሣቸው ጊኑዋ ግን በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከቤኒን የወጣ የኦባ ልጅ ነው። ዙፋኑ ከቤኒን፣ ቋንቋው ከዮሩባ ወገን።

ናይጄሪያዊ ጓደኛ ያላችሁ፣ በሥራ ቦታም ሆነ በስደት አገር፣ አደራችሁን «ከዮሩባና ከቤኒን ማን ይቀድማል?» ብላችሁ አትጀምሩ። ከተማውን ጠይቁት። የከተማውን ንጉሥ ማዕረግ ጠይቁት፣ በማዕረጉ ሲጠራላቸው ደስ ይላቸዋል። ከዚያ መሥራቹ ከየት መጣ በሉትና ዝም ብላችሁ አዳምጡ። ጊዜ ይዛችሁ ሂዱ፣ ታሪኩ ከአንድ ስኒ ቡና በላይ ነው።