የአካል ብቃት እንቅስቃሴ በጎጃም፦ ጥቅሙና መጠኑ

በጎጃም የአካል እንቅስቃሴ ከኑሮ ተለይቶ አይታይም ነበር። ገበሬው ያርሳል፣ ያርማል፣ ያጭዳል፤ ገበያም በእግሩ ይወጣል። በገና ሰሞን ወጣቱ ሩር ሲመታ ይውላል። ጥር 23 ደግሞ እንጅባራ በአገው ፈረሰኞች ትደምቃለች፤ መጋለብ ጭንና ወገብን እንደሚያጠነክር የሞከረው ያውቀዋል።

በከተሞቹ ነገሩ ተለውጧል። ደብረ ማርቆስም ሆነ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬም ሆነ ዳንግላ፣ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ውሎ ለአጭር መንገድ ባጃጅ የሚይዘው ብዙ ነው። ባሕር ዳር እዚህ ላይ ትመሰገናለች። ከተማዋ ሜዳ ናት፤ ብስክሌትም ለረጅም ጊዜ የሠራተኛውም የተማሪውም መጓጓዣ ሆኖ ኖሯል።

ለመሆኑ ስንት ይበቃል? የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ከ18 እስከ 64 ዓመት ያለ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል። ጠንከር ካለ ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ይበቃል። መካከለኛ የሚባለው ትንፋሽ ፈጠን ቢልም እያወሩ የሚሠሩት ነው፤ መዝፈን ግን ያቅታል። ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ እዚህ ይመደባል። ዱብ ዱብ ማለት፣ ወይም ላብ እስኪያጠምቅ የሚወረድ የጎጃም እስክስታ፣ ከጠንካራው ወገን ነው። በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይጨመራል። ለዚህ ጂም መግባት ግዴታ አይደለም፤ ቤት ውስጥ ፑሽ አፕ መሥራትና ቁጭ ብድግ ማለት ያዋጣል። የቀድሞው መመሪያ እንቅስቃሴው ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳይቋረጥ እንዲቆይ ይጠይቅ ነበር። አሁን ያ ቀርቷል። ወደ ሥራ ሲሄዱ የወጧት አጭር ዳገት ሁሉ ትቆጠራለች።

ጥቅሙ አያጠያይቅም። የደም ግፊት ይቀንሳል፣ እንቅልፍ ይስተካከላል፣ ድብርት ይቀላል። የሚሠራ ጡንቻ ስኳርን ከደም እየሳበ ስለሚያቃጥል፣ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የመያዝ ዕድሉ ይቀንሳል። የጡትና የአንጀት ካንሰር ስጋትም እንዲሁ።

የእርሻ ሥራም ከእንቅስቃሴ ይቆጠራል። ሆኖም ያለ ዕረፍት የሚሠራ ከባድ የጉልበት ሥራ፣ በትርፍ ሰዓት እንደሚሠራ ስፖርት ልብን አይጠቅምም የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። ክርክሩ አልተቋጨም።

ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ ያስፈልጋቸዋል። ከ65 ዓመት በላይ ያሉት መጠኑ እንደ ጎልማሳው ሆኖ፣ እንዳይወድቁ በሳምንት 3 ቀን ሚዛን የሚያስጠብቅ ልምምድ ይጨምራሉ። ግድግዳ ተደግፎ በአንድ እግር ከመቆም መጀመር ይቻላል።