አጸፋዊ ታሪፍ ምንድን ነው?

ታሪፍ ሲባል አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ቶሎ የሚመጣለት የታክሲ ሂሳብ ነው። በዜና የምንሰማው ታሪፍ ግን ሌላ ነው። መንግሥት ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የሚጥለው ቀረጥ ማለት ነው። አጸፋዊ ታሪፍ ደግሞ የመልስ ምት ነው። አንዱ አገር የሌላውን ዕቃ ይቀርጣል፤ የተቀረጠበትም በተራው የዚያን አገር ዕቃ ይቀርጣል። በኤፕሪል 2025 አሜሪካና ቻይና እንዲህ እየተመላለሱ አሜሪካ 145፣ ቻይና 125 በመቶ ደረሱ። በሜይ ጄኔቫ ላይ ተገናኝተው ወደ 30 እና 10 በመቶ አወረዱት። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። አሜሪካ በቻይና ዕቃ ላይ 25 በመቶ ጣለች ሲባል፣ ገንዘቡን የምትከፍለው ቻይና ትመስላለች። ጉምሩክ ላይ የሚከፍለው ግን ዕቃውን ያስገባው የአሜሪካ ነጋዴ ነው። በ100 ዶላር የገዛው ዕቃ 125 ይሆንበታል። ልዩነቱን ከትርፉ ይችለዋል፣ ወይ ደንበኛው ላይ ይጨምራል፣ ወይ ሻጩን ዋጋ ቀንስልኝ ይለዋል። ሻጩ የሚጎዳው ገበያው ሲቀዘቅዝበት ነው።

አጸፋ ደግሞ በዘፈቀደ አይሰነዘርም። በ2018 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ብረትና አሉሚኒየም ላይ ቀረጥ ሲጥሉ፣ የአውሮፓ ኅብረት መልስ ከሰጠባቸው ዕቃዎች መካከል በርበን ውስኪና የሃርሊ ዴቪድሰን ሞተር ሳይክል ነበሩ። በርበን የኬንታኪ ነው፤ የወቅቱ የሴኔት አብላጫ መሪ የሚች ማኮኔል ግዛት። ሃርሊ የዊስኮንሲን ነው፤ የወቅቱ የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ የፖል ራያን ግዛት። ፕሬዚዳንቱን ደውለው ማናገር የሚችሉ ሰዎች ደጃፍ ላይ ነው ምቱ ያረፈው።

በዚያው ዓመት አሜሪካ በቻይና የፋብሪካ ዕቃዎች ላይም ቀረጥ ስትጥል፣ ቻይና ለመልስ የመረጠችው አኩሪ አተርን ነበር። ጁላይ ላይ 25 በመቶ ጣለችበት። በዚያ ወር የአሜሪካዋ አዮዋ ግዛት ገበሬ አኩሪ አተር ማሳው ላይ አረንጓዴ ነው። ተጸጽቶ ሌላ ሰብል ልዝራ ማለት አይችልም። የአሜሪካ መንግሥትም በዚያው ወር ለገበሬዎች እስከ 12 ቢሊዮን ዶላር ድጎማ እሰጣለሁ አለ። በፋብሪካ ዕቃ የተጀመረ ጠብ፣ ፋብሪካ ረግጦ የማያውቅ ገበሬ ቤት ገባ ማለት ነው።

ለእኔ ግን ነገሩን ከሁሉ በላይ የሚያሳየኝ የ1960ዎቹ የዶሮ ጠብ ነው። ያኔ የአሜሪካ ርካሽ የእርባታ ዶሮ የምዕራብ ጀርመንን ገበያ አጥለቅልቆት ነበር። በ1962 የአውሮፓ የጋራ ገበያ (የዛሬው የአውሮፓ ኅብረት መነሻ) ከውጭ በሚገባ ዶሮ ላይ ከፍ ያለ ቀረጥ ጣለ። የአሜሪካ ሽያጭ ወረደ። ድርድሩም አልሰመረም። አውሮፓ ለአሜሪካ ዶሮ ስለማትሸጥ፣ ዶሮን በዶሮ መመለስ አይቻልም። በ1963 መጨረሻ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ሌላ አራት ዕቃ ቀረጡ፦ የድንች ስታርች፣ ዴክስትሪን (ከስታርች የሚሠራ ማጣበቂያ)፣ ብራንዲ እና ቀላል የጭነት መኪና። በመኪናው ላይ የተጣለው 25 በመቶ ነው። የታለመው ፎልክስዋገን ጀርመን ውስጥ የሚሠራቸው የዕቃ ቫኖችና ፒክአፖች ላይ ነበር።

ቀረጡ ግን የአንድ አገር ብቻ ተብሎ አልተጻፈም። ልዩ የንግድ ስምምነት ካላቸው አገሮች በቀር፣ ከየትም የሚመጣ ቀላል የጭነት መኪና ላይ ይሠራል። ስለዚህ የዶሮው ጠብ ጦስ ለጃፓንም ተረፈ። ጃፓን በዚያ ጠብ ውስጥ እጇ አልነበረበትም።

የሌሎቹ ሦስት ዕቃዎች ቀረጥ ከጊዜ በኋላ ተነሳ። የመኪናው ከ60 ዓመት በኋላም አለ። ዶሮው ተረስቶ እንኳ አሜሪካኖች እስከ ዛሬ «የዶሮ ታክስ» ይሉታል። ለምን አልተነሳም? የአገር ውስጥ ፋብሪካዎች ከለመዱት ጥበቃ መውጣት ስለማይፈልጉ ነው። ማንሳት ከመጣል በጣም ይከብዳል።

የሚገርመው፣ ራሱ የአሜሪካው ፎርድም ገባበት። ትራንዚት ኮኔክት የሚባለውን ቫን ቱርክ ውስጥ ያመርት ነበር። ያኔ የሰው መኪና ቀረጥ 2.5 በመቶ ነበር፤ የዕቃ 25። ስለዚህ ቫኖቹ የኋላ ወንበርና መስኮት ተገጥሞላቸው እንደ ሰው መኪና ይገቡ ነበር። የአሜሪካ ወደብ በሆነችው ባልቲሞር ከጉምሩክ ሲያልፉ ወንበሩ ይነቀል፣ የኋላ መስኮቱ በብረት ይተካ፣ የዕቃ መኪና ይሆኑ ነበር። ጉምሩክ ይሄ አያዋጣም አለ። ክርክሩ ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት ለዓመታት ተጓተተ። በ2024 ፎርድ ጉዳዩን ለመዝጋት 365 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።