የድንበር አጥር ጥገናና አካባቢው፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

አሜሪካና ሜክሲኮ የሚዋሰኑበት ድንበር 3,145 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ከዚህ ውስጥ ከ1,100 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነው ታጥሯል። አጥሩ ደግሞ ብቻውን አይደለም። አብረውት የጥበቃ መኪና የሚመላለስበት የአፈር መንገድ፣ የጎርፍ በሮች፣ የውሃ ማስተላለፊያ ቱቦዎች፣ የመብራት ምሰሶዎች እንዲሁም ካሜራና ራዳር የተሸከሙ ማማዎች አሉ። ይህ ሁሉ ይዝጋል፣ ይሸረሸራል፣ ደለል ይሞላዋል፣ በመጋዝ ይቆረጣል፤ ስለዚህ በየጊዜው ይጠገናል። ስለ አጥሩ ግንባታ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ጥገናው ግን ጥቂት ነው የሚባለው፣ እሱም ቢሆን ስህተት ይበዛዋል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ቀኖች፣ ወሮችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ጉዳቱ በግንባታው ጊዜ አብቅቷል፤ ጥገና አዲስ ጉዳት አያመጣም»

ግንባታ አንዴ ያልቃል፤ ጥገና ግን አጥሩ እስካለ ድረስ ይደጋገማል። መንገዱ በዕቅዱ ላይ 6 ሜትር ስፋት ይኑረው እንበል። ዝናብ መሐሉን ሲቦረቡረው ሾፌሩ ጉድጓዱን ሸሽቶ በዳር ያልፋል። ቀጥሎ የሚመጣው የግሬደር ኦፕሬተር ያንን የጎማ ዱካ የመንገዱ አካል አድርጎ ያስተካክለዋል። በእያንዳንዱ ዙር ግማሽ ሜትር ብቻ ቢሰፋ በአሥር ዙር 5 ሜትር ይሆናል፤ ይህም በአንድ ኪሎ ሜትር መንገድ ግማሽ ሄክታር መሬት ነው።

በአሪዞና በኩል ድንበሩ የሚያቋርጠው የሶኖራ በረሃ አፈር ባዶ መሬት ይመስላል እንጂ ባዶ አይደለም። ሳያኖባክቴሪያ የሚባሉ ረቂቅ ሕያዋንና የድንጋይ ሽበት የሠሩት ጠቆር ያለ ስስ ሕያው ቅርፊት ብዙ ቦታ ይሸፍነዋል። አፈሩን ከነፋስና ከጎርፍ የሚይዘው ይህ ቅርፊት ነው። አንድ ጎማ አንዴ ቢያልፍበት ይሰበራል፤ ለማገገም አሥርት ዓመታት ይፈጅበታል። ስለዚህ ማሽን ከመግባቱ በፊት የሥራው ወሰን በችካልና በባለቀለም ጥብጣብ መለየት አለበት፤ የመኪና መዞሪያውና የጠጠር ማከማቻውም ቀድሞ በተጎዳ መሬት ላይ ይሁን። ለኦፕሬተሩ ካርታ መስጠት ብቻውን አይበቃም። ዓይኑ የሚያርፍበት ችካል ያስፈልገዋል።

«በብረቶቹ መካከል ክፍተት ስላለ ጎርፍ እንደ ልቡ ያልፋል»

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው። በብዙ ቦታ የቆመው አጥር 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ካላቸው አራት ማዕዘን የብረት ቋሚዎች የተሠራ ሲሆን በመካከላቸው ያለው ክፍተት 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ንጹሕ ውሃ በዚያ ያልፋል። የበረሃ ጎርፍ ግን ንጹሕ አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ በደረቁ ሸለቆ ውስጥ የተከማቸውን ቅርንጫፍ፣ ሣር፣ የቁልቋል ስባሪና ቆሻሻ ጠርጎ ይመጣል። ይህ ሁሉ አጥሩ ላይ ሲለጠፍ ወንፊት የነበረው ግድብ ይሆናል።

ከዚያ በኋላ ያለው የፊዚክስ ጉዳይ ነው። የቆመ ውሃ ግድግዳ ላይ የሚያሳርፈው ጠቅላላ ኃይል ከጥልቀቱ ጋር እኩል አያድግም። ጥልቀቱ 1 ሜትር ሲሆን በእያንዳንዱ ሜትር አጥር ላይ የሚያርፈው የግማሽ ቶን ክብደት ያህል ነው፤ 2 ሜትር ሲደርስ ግን ወደ 2 ቶን ይጠጋል። ውሃው መውጫ ሲያጣ አጥሩን ተከትሎ ወደ ጎን ይሮጥና የመሠረቱን አፈር ይበላል።

ይህ በተደጋጋሚ ታይቷል። ሐምሌ 12 ቀን 2008 በአሪዞና ኦርጋን ፓይፕ ካክተስ ብሔራዊ ሐውልት በተባለው ጥብቅ ቦታ፣ በሉክቪል አቅራቢያ፣ አዲስ የተሠራው የሽቦ መረብ አጥር ቆሻሻ ይዞ ውሃውን ገደበው፤ ጎርፉም ወደ ጎን ተገፍቶ ሄደ። በዚያው ቀን ድንበሩ ለሁለት በከፈላት በኖጋሌስ ከተማ ሥር በሚያልፈው የጎርፍ ዋሻ ውስጥ የተሠራ የኮንክሪት መከላከያ ውሃውን አፍኖ በሜክሲኮ በኩል ያለውን ኖጋሌስ አጥለቀለቀ፤ ሁለት ሰዎችም ሞቱ። በ2011 በዚያው በኦርጋን ፓይፕ 12 ሜትር ያህል አጥር ወደቀ። በ2021 የክረምት ዝናብ ደግሞ በደቡብ ምሥራቅ አሪዞና የጎርፍ በሮችን ከማጠፊያቸው ነቅሎ ጣለ።

ስለዚህ የጎርፍ በር ጥገና ማጠፊያ ዘይት መቀባት ብቻ አይደለም። የአካባቢው ክረምት ከሰኔ 15 እስከ መስከረም 30 የሚቆጠር ሲሆን በሮቹ ከዚያ በፊት ተከፍተው መታሰር አለባቸው። ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው ደለል ነው፤ የሸለቆው ወለል 20 ወይም 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለ በሩ አሸዋው ውስጥ ተቀብሮ አልከፈትም ይላል። ደለሉ ሲጠረግ ደግሞ የበሩን ፊት ብቻ መቆፈር ጥቅም የለውም፤ ጉድጓዱ በመጀመሪያው ጎርፍ ይሞላል። ከላይና ከታች ያለው ወለል በተፈጥሮ ቁልቁለቱ መሠረት መስተካከል አለበት። የወጣው ቆሻሻም ከሸለቆው ወጥቶ ይወሰድ። ዳር ላይ ከተቆለለ በሚቀጥለው ዝናብ ተመልሶ አጥሩ ላይ ነው የሚለጠፈው።

«መንገዱ በተደጋጋሚ ቢላግ ይሻላል»

ግሬደር መንገድ ያስተካክላል፤ ያለ ዕቅድ ከተደጋገመ ግን መንገዱን ወደ ቦይ ይለውጠዋል። ምላጩ በላገ ቁጥር መንገዱ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ የተጠረገው አፈርም በዳር እንደ ግንብ ይከመራል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ መንገዱ ከአካባቢው መሬት በታች ይሆንና የዝናብ ውሃ ይገባበታል፤ መውጫ ግን የለውም። ቁልቁለቱን ይዞ እየተንደረደረ መንገዱንም፣ ከታች ያለውን ሸለቆም ይቦረቡራል።

ማስተካከያው ይታወቃል። የመንገዱ ወገብ ከፍ ብሎ ወደ ሁለቱም ጎን በ4 በመቶ ገደማ ማዘንበል አለበት፤ ለግማሽ መንገድ 3 ሜትር ቢሰጥ 12 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ማለት ነው። የዳሩ ክምር መጠረግ ወይም በየተወሰነ ርቀት ተበስቶ ለውሃው መውጫ ማግኘት አለበት፤ ቁልቁለቱ በከበደ ቁጥር መውጫዎቹ ይቀራረባሉ። መውጫው የሚያበቃበት ቦታም ድንጋይ ይነጠፍበት፤ አለበለዚያ ውሃው እዚያው ገደል ይቆፍራል። ቱቦ ከሆነ ደግሞ አንድ ሦስተኛው በደለል ሲሞላ ይጠረግ። በድንገተኛ ጎርፍ የሚታወቅ ሰፊ ሸለቆ ላይ ቱቦ ራሱ ስህተት ነው። ውሃ በላዩ የሚያልፍበት ዝቅ ያለ የኮንክሪት መሻገሪያ ከሸለቆው ወለል ጋር እኩል ሆኖ ቢሠራ አይደፈንም፣ ደለሉም ጉዞውን ይቀጥላል።

ጊዜም ወሳኝ ነው። ደረቅ አፈር ሲላግ ጠጠሩን አያይዞ የሚያቆየው የላመ አፈር አቧራ ሆኖ ይበናል፤ ድንጋዩ ብቻ ይቀርና መንገዱ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ተመልሶ ይሸነሸናል። ከዝናብ በኋላ አፈሩ ረጠብ እያለ መሥራት ያንኑ ሥራ በአነስተኛ ውሃና በአነስተኛ ዙር ይጨርሰዋል። ከዚህ ሁሉ የተለየው የዱካ መንገድ የሚባለው ነው። የድንበር ጠባቂዎች የእግር አሻራ እንዲታይ ከመኪና ኋላ በሰንሰለት የታሰሩ ጎማዎች እየጎተቱ አፈሩን በየጊዜው ያለሰልሱታል። ይህ መንገድ እንዳይጠጥር ተብሎ የሚሠራ ስለሆነ አቧራው የማያቋርጥ ነው፤ መስመሩን አለማስፋትና ሸለቆ ውስጥ አለመጎተት ዋናው ጥንቃቄ ነው።

«አቧራ ለማብረድ የሚረጨው ውሃ ኢምንት ነው»

አንድ ትልቅ የውሃ ቦቴ 15,000 ሊትር ያህል ይይዛል። በበረሃ ሙቀት የተረጨው በአንድ ሁለት ሰዓት ስለሚደርቅ በቀን ብዙ ጊዜ ይመላለሳል። ጥያቄው ውሃው ከየት ይመጣል የሚለው ነው። ኪቶባኪቶ የተባለው ምንጭ ከድንበሩ በጥቂት መቶ ሜትሮች ርቀት ላይ ይገኛል፤ ለመጥፋት የተቃረቡ የኪቶባኪቶ ዓሣና የሶኖይታ የጭቃ ኤሊ መኖሪያ ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ አካባቢ ከከርሰ ምድር የሚቀዳ እያንዳንዱ ቦቴ ይቆጠራል። ውሃው ከከተማ መስመር ወይም ከሩቅ ጉድጓድ ይምጣ።

የተረፈውን ውሃ ሸለቆ ውስጥ መድፋትም ክልክል መሆን አለበት፤ ከሌላ ቦታ የመጣ ውሃ የእንቁራሪት በሽታና መጤ ፍጥረታት ይዞ ሊመጣ ይችላል። በውሃ ፋንታ የማግኒዥየም ክሎራይድ ጨው መርጨት አቧራውን ረዘም ላለ ጊዜ ይይዛል፤ ግን ጨው ነው፤ በዝናብ ታጥቦ የመንገድ ዳር ተክል ያደርቃል።

«ሸምበቆውን በማሽን መመንጠር ከአረም መድኃኒት ይሻላል»

በቴክሳስ በኩል ድንበሩ የሪዮ ግራንዴ ወንዝ ነው፤ ዳርቻውን የወረረው ደግሞ ከሌላ አህጉር የመጣ ሸምበቆ ነው። እስከ 6 ሜትርና ከዚያም በላይ ስለሚያድግ የጥበቃ ዕይታ ይጋርዳል፣ ውሃም በብዛት ይጠጣል። መጥፋት አለበት የሚለው ላይ ክርክር የለም።

ነገር ግን ይህ ሸምበቆ በሰሜን አሜሪካ የሚበቅል ዘር አያፈራም፤ የሚራባው በሥሩና በአገዳው ቁራጭ ነው። አንጓ ያለበት አጭር ቁራጭ እርጥብ አሸዋ ላይ ቢወድቅ ይበቅላል። ዶዘር ገብቶ ቢያርሰው ሥሩን ከታትፎ ወደ ወንዝ ይሰዳል፤ አንድ ቦታ የነበረው በታችኛው ተፋሰስ አሥር ቦታ ይሆናል። መድኃኒትም የራሱ ጣጣ አለው። ኢማዛፒር የተባለው መድኃኒት ሸምበቆውን ይገድላል፤ ነገር ግን አፈር ውስጥ ስለሚቆይ በአጠገቡ ያለውን ዛፍ በሥሩ በኩል ይመርዛል። በ2009 በላሬዶ ከተማ ከሄሊኮፕተር ሊረጭ ታቅዶ በተነሣው ተቃውሞ ቆመ። በዚያው ዓመት ሸምበቆውን ብቻ የምታጠቃ ትንሽ ተርብ እዚያው ላሬዶ ተለቀቀች።

የሚያስኬደው አካሄድ ከመሬት በላይ ያለውን ቆርጦ ቁራጩን ከወንዙ አርቆ ማንሳት፣ በሞቃቱ ወራት መጨረሻና በመኸር፣ ተክሉ ምግቡን ወደ ሥር በሚልክበት ወቅት፣ ጉቶውን ብቻ በእጅ በመድኃኒት መቀባትና ተከታታይ ዓመታት ተመልሶ ማየት ነው። የተገለጠው ዳርቻም አገር በቀል ተክል ይተከልበት፤ ባዶ ከቀረ መሬቱ ይናዳል።

«የተቆረጠ ብረት መበየድ ቀላል ሥራ ነው»

ከ2019 እስከ 2021 በነበሩት የበጀት ዓመታት አዲሱ አጥር 3,272 ጊዜ ተቆርጧል። እያንዳንዱ ቁራጭ ብየዳ ይፈልጋል፤ ብየዳ ደግሞ ፍንጣሪ አለው። በአጥሩ ዳር የሚበቅለው በፈልግራስ የሚባል መጤ ሣር መነሻው አፍሪካና እስያ ሲሆን በጣም ይነዳል፤ ከተቃጠለም በኋላ በፍጥነት ያቆጠቁጣል። የሳጓሮ ቁልቋል ግን እሳት የለመደ ተክል አይደለም፤ አንድ ቃጠሎ የመቶ ዓመት ቁልቋል ይጨርሳል። በሥራው ዙሪያ 11 ሜትር ድረስ ያለው ደረቅ ነገር ይጠረግ፣ ውሃ የያዘ ሰው ይቁም፣ ብየዳው ካለቀ በኋላም ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ይጠብቅ። ነፋስ ከበረታ ሥራው ይቆይ። ሣሩን በየቦታው የሚዘራውም ራሱ የጥገና ማሽኑ ነው፤ ወደ ቦታው ከመግባቱ በፊት ሰንሰለቱና ሆዱ በውሃ ግፊት ካልታጠበ ዘሩን ይዞት ይዞራል።

«አውሬዎቹ በትናንሾቹ ቀዳዳዎች ያልፋሉ»

በአሪዞና በአንዳንድ ቦታ ከአጥሩ ሥር 22 በ28 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ቀዳዳዎች ተትተዋል፤ የአንድ ገጽ ወረቀት ያህል ናቸው። ጥንቸል ያልፍበታል። አጋዘን፣ ድብና ጃጓር ግን አያልፉም። ቀዳዳዎቹም በደለልና በቆሻሻ ስለሚደፈኑ በጥገና ዝርዝር ውስጥ ካልገቡ ጥንቸሉም አያልፍም። ለትልልቆቹ የሚረዳው በክረምት ክፍት የሚቆየው የጎርፍ በር ነው። መብራትም እንዲሁ አጥር ይሆናል፤ አምፖል ሲቀየር ሽፋኑ ወደ ታች ካልዞረ የሌሊት ወፎችንና የእሳት እራቶችን ከመንገዳቸው ያስወጣል።

«የአካባቢ ጥበቃ ሕጎች ስለተነሡ ምንም ግዴታ የለም»

በ2005 የወጣው ሪል አይዲ የተባለው ሕግ የአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስትሩ ለአጥርና ለመንገድ ግንባታ ሲባል ሌሎች ሕጎችን እንዲያነሡ ሥልጣን ሰጥቷል። በ2008 ከ30 በላይ ሕጎች 750 ኪሎ ሜትር ለሚሆን ርዝመት ተነሥተዋል። ይህ ግን ለተጠቀሰው ቦታና ሥራ እንጂ ለድንበሩ ሁሉ አይደለም። ከዚያ ውጭ ባለው ቦታ የ1970ው ብሔራዊ የአካባቢ ፖሊሲ ሕግና የ1973ቱ የብርቅዬ ዝርያዎች ሕግ ይሠራሉ። የተለመደ ጥገና ከሙሉ ጥናት ነፃ ሊደረግ ቢችልም፣ ብርቅዬ ዝርያ ወይም የውሃ አካል ባለበት የተለየ ምርመራ ይፈልጋል። በተግባርም ነዳጅ ከውሃ መውረጃ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ ይቀዳል፣ የነዳጅ በርሜል የሚቀመጥበት ገንዳ ከትልቁ ዕቃ ይዘት 110 በመቶ እንዲይዝ ይደረጋል፣ ሌሊት ክፍት የሚቆይ ጉድጓድ እንስሳ የሚወጣበት ተዳፋት ይበጅለታል። ውስጡ ባዶ የሆነ የብረት ምሰሶም በተተከለበት ዕለት አናቱ ይከደናል፤ ወፍ ከገባበት መውጫ የለውም።