ሆት ስፖት ምንድን ነው? የወፍ ኩስ ለሶላር ፓኔል ከአቧራ የሚብሰው ለምንድን ነው?

አንዱ ሶላር ፓኔል ከላይ እስከ ታች ስስ አቧራ ለብሷል። ሌላው ንጹሕ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የወፍ ኩስ ደርቆ ተጣብቆበታል። ቀድሞ መጽዳት ያለበት የትኛው ነው? ብዙ ሰው አቧራ የለበሰውን ይላል። እኔ ግን ቅድሚያ የምሰጠው ለኩሱ ነው። ምክንያቴ ሆት ስፖት ነው።

ሆት ስፖት ማለት ፓኔሉ ላይ ከሌላው ተለይቶ ከመጠን በላይ የሚግል ቦታ ነው።

ለምን ይግላል? ፓኔሉን ጠጋ ብለው ይዩት። የተደረደሩት ጥቁር ወይም ሰማያዊ ካሬዎች ሴሎች ይባላሉ። አንድ ሴል ብቻውን የሚሰጠው ግማሽ ቮልት ገደማ ነው፤ ለብቻው ብዙ አይሠራም። ስለዚህ 60 ወይም 72 ሴሎች እንደ ሰንሰለት ተቀጣጥለው ይያያዛሉ። (ሴሎቹ ለሁለት በተከፈሉባቸው አዳዲስ ፓኔሎች ላይ ቁጥሩ 120 ወይም 144 ነው።) ከረንቱ ደግሞ በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ ማለፍ አለበት። አንዱ ላይ ኩስ ሲያርፍ ያ ሴል ድርሻውን ማመንጨት ያቅተዋል። ጎረቤቶቹ ግን ፀሐይ እያገኙ ስለሆነ መግፋታቸውን አያቆሙም። ያኔ የተሸፈነው ሴል ማመንጨቱ ይቀርና የሌሎቹን ኃይል ወደ ሙቀት እየቀየረ መብላት ይጀምራል። ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል።

አቧራው እኩል ከተነሰነሰ ግን ሁሉም ሴሎች አብረው ይደክማሉ። ኃይል ይቀንሳል እንጂ አንዱ ተነጥሎ አይቃጠልም።

አምራቾች መላ አበጅተውለታል። ከፓኔሉ ጀርባ ባለው ትንሽ ጥቁር ሳጥን ውስጥ ብዙውን ጊዜ 3 ባይፓስ ዳዮዶች አሉ። እያንዳንዱ የሴሎቹን አንድ ሦስተኛ ይጠብቃል። ሴል ሲታመም ከረንቱን በጎን ያሳልፈዋል። ሴሉ ከከፋ ጉዳት ይድናል፤ ነገር ግን በአንዲት ጠብታ ኩስ ሰበብ የፓኔሉን ሲሶ ኃይል ሊያጡ ይችላሉ።

የታችኛውን ጠርዝም አደራ። አቧራ ይዞ የሚወርደው ውሃ የአሉሚኒየሙ ፍሬም ጋ ሲደርስ ይቆማል። ሲደርቅ ቀጭን የጭቃ መስመር ይተዋል። ፓኔሉ ቁመቱን ወደ ላይ አድርጎ ከተተከለ፣ በተለመደው ባለ 60 ወይም ባለ 72 ሴል ፓኔል የታችኛው ረድፍ የሦስቱም ክፍሎች ሴሎች አሉበት። ያቺ ጭቃ ሁሉንም በአንዴ ታዳክማለች።

ጽዳቱ ከባድ አይደለም። በጠዋት፣ ፀሐይ ሳትበረታ ይጀምሩ። ቀትር ላይ የጋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት መስታወቱን ሊሰነጥቀው ይችላል። የደረቀ ኩስ ላይ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርገው ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ። ሲርስ በለስላሳ ስፖንጅ ጠረግ ሲያደርጉት ይለቃል። በቢላ መፋቅ፣ በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ መፈተግ ፈጽሞ አይሞከርም፤ መስታወቱ ይጫራል። ሳሙናም ባያበዙ ይሻላል፤ በደንብ ካልታጠበ የሚተወው ቅሪት አቧራ ይይዛል። ጨው የበዛበት ውሃ ከሆነ ደግሞ ሳይደርቅ ይጥረጉት፤ አለበለዚያ ነጭ ነጠብጣብ ይተዋል።

ፓኔሉን መርገጥ ግን ክልክል ነው! ከመስታወቱ ሥር ያሉት ሴሎች በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይፈጥራሉ። ያ ስንጥቅ በኋላ ራሱ ሆት ስፖት ሊሆን ይችላል። መስታወቱ ቀድሞ የተሰበረ ከሆነም ውሃ አያስነኩት። በተከታታይ የተያያዙ ፓኔሎች በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ሊኖራቸው ይችላል።

አጥበው ሲጨርሱ ትንሽ ራቅ ብለው ይመልከቱ። ከመስታወቱ ሥር ቡናማ ምልክት ካለ ወይም የጀርባው ሽፋን አንድ ቦታ ላይ ካበጠ ያ ቆሻሻ አይደለም፤ ሴሉ ሳይጎዳ አልቀረም። ያን ጊዜ የሙቀት ካሜራ ያለው ቴክኒሻን ይጥሩ።