የጀርመን ጉምሩክ የክብር ጩቤ ምንድን ነው?

ጉምሩክ ሲባል ሰው ቶሎ የሚታየው ማህተም፣ ሻንጣና ቀረጥ ነው። ጩቤ የሚያስብ የለም። በናዚ ጀርመን ግን ከ1937 ጀምሮ (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ ነው) የጉምሩክ መኮንኖች ከደንብ ልብሳቸው ጋር በወገባቸው በኩል የሚያንጠለጥሉት የራሳቸው ጩቤ ነበራቸው። ዛሬ የወታደራዊ ዕቃ ሰብሳቢዎች ከሚፈልጓቸው ነገሮች አንዱ እሱ ነው።

መጀመሪያ መልኩን ልንገራችሁ። የየብስ ጉምሩክ ጩቤ እጀታው በአረንጓዴ ቆዳ የተለበጠ ነው፤ ቆዳው ላይ የብር ቀለም ያለው ሽቦ ይጠመጠማል። አፎቱም አረንጓዴ ቆዳ ነው። ብረታ ብረቱ አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየም ነው። በእጀታውና በስለቱ መካከል ክንፉን የዘረጋ ንስር አለ፣ በጥፍሩ ስዋስቲካ (የናዚዎቹን ምልክት) ይዞ። ጠቅላላ ቅርጹ በ1935 ከወጣው የጦር ሠራዊት መኮንኖች ጩቤ ጋር ይመሳሰላል፤ ዓይን ላይ የሚለየው አረንጓዴው ቆዳ ነው። በወንዝና በወደብ የሚሠራው የውኃ ጉምሩክ ደግሞ የራሱ ነበረው፣ ቆዳው ሰማያዊ፣ ብረቱ ወርቅማ። የጉምሩክ ሠራተኛ ቁጥር ከሠራዊቱ ጋር ስለማይወዳደር ከነዚህ ጩቤዎች የተረፈው ጥቂት ነው፣ የውኃ ጉምሩኩ ደግሞ ከየብሱም ይብሳል። የዋጋው ነገር በዋናነት ከዚህ ይመጣል።

ይሄ የውጊያ መሣሪያ አይደለም። ስለቱ ሲሠራም ለመቁረጥ ተብሎ አልተሳለም። ለሰልፍ፣ ለበዓል፣ ለግብዣ፣ ከሥራ ውጪ በደንብ ልብስ ለመውጣት ነው። ድንበር ላይ በሌሊት የሚቆመው ጠባቂ የሚይዘው ጠመንጃ ነበር።

ታዲያ የቀረጥ ሰብሳቢ ለምን ጩቤ ያስፈልገዋል? ያ መንግሥት ሁሉንም ሰው ወታደር ማስመሰል ይወድ ነበር። የባቡር ሠራተኛውም፣ የዲፕሎማቱም፣ የደን ጠባቂውም ወገብ ላይ ስለት ነበረ። ጩቤው ለለባሹ «አንተ ተራ የቢሮ ሠራተኛ አይደለህም» ይለዋል። ለተመልካቹ ደግሞ ሰውየው የማን እንደሆነ ይነግረዋል።

እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰብሳቢ ሮጦ የሚያልፈው፤ እኔ ግን መቆም እፈልጋለሁ። የዚያን ጊዜ ጉምሩክ ቡናና ሲጋራ ብቻ አይፈትሽም ነበር። ከጀርመን ለመውጣት የሚሞክሩ አይሁዶች ከሚያልፉባቸው የመጨረሻ በሮች አንዱ እሱ ነበር። ከ1931 ጀምሮ አገር ለቆ በሚሄድ ሀብት ያለው ሰው ላይ ከንብረቱ ሩብ የሚወስድ የመውጫ ግብር ነበረ። ግብሩ የወጣው ከናዚዎች በፊት ነው፣ ናዚዎች ግን አይሁዶችን መዝረፊያ አደረጉት። በጥሬ ገንዘብ ይዘው መውጣት የሚችሉት ወደ አሥር ማርክ ወረደ። በ1938 እና ከዚያ በኋላ ደግሞ ተሰዳጁ የሚወስደውን ዕቃ አንድ በአንድ፣ ማንኪያና አንሶላ ሳይቀር በዝርዝር ጽፎ ያስገባል፤ ሲታሸግም የጉምሩክ ሰው ቆሞ ያያል። አንድ ቤተሰብ የዕድሜ ልኩን ኑሮ ሳጥን ውስጥ ሲከት አጠገቡ የቆመው ሰው፣ በበዓል ቀን ይሄንን አረንጓዴ ጩቤ የሚያንጠለጥል ሊሆን ይችላል።

ሌላም አለ። ጆርጅ ኤልሰር የሚባል አናጺ ሂትለርን ለመግደል ሙኒክ ውስጥ በአንድ የቢራ አዳራሽ ምሰሶ ውስጥ ቦምብ ቀበረ። ብቻውን፣ ለብዙ ሌሊት አዳራሹ ውስጥ እየተደበቀ ቆፍሮ። ኅዳር 8 ቀን 1939 ምሽት ሂትለር ንግግሩን አሳጥሮ ወጣ፤ ቦምቡ የፈነዳው ከ13 ደቂቃ በኋላ ነው። ስምንት ሰው ሞተ። ኤልሰር ግን ከፍንዳታው በፊት፣ ከምሽቱ 2:45 ገደማ፣ ኮንስታንዝ ላይ ወደ ስዊዘርላንድ ሊሻገር ሲል ተይዞ ነበር። የያዙት የጌስታፖ፣ ማለትም የናዚ ምስጢራዊ ፖሊስ፣ ሰዎች አልነበሩም። ሁለት የጉምሩክ ጠባቂዎች ነበሩ። ኪሱ ሲፈተሽ ሽቦ መቁረጫና የዚያ የቢራ አዳራሽ ፖስት ካርድ ተገኘ። ሚያዝያ 1945 ዳካው ማጎሪያ ካምፕ ውስጥ ተረሸነ። የጉምሩክ ዕቃ በእጄ ሲገባ መጀመሪያ የማስበው ይሄንን ሰው ነው።

አሁን ወደ ሠሪዎቹ። የዘመኑ ጩቤዎች ዋና መፍለቂያ ምዕራብ ጀርመን ያለችው ዞሊንገን ናት፣ ለመቶዎች ዓመታት በስለት የኖረች ከተማ። በነገራችን ላይ በኢትዮጵያ ነገሥታት ዘመን ከነበሩ ጎራዴዎችም አንዳንዶቹ ብረታቸው ከዚያው ነው የመጣው፣ ስለዚህ የከተማዋ ስም ለኛ ሰው ጨርሶ ባዕድ አይደለም። እያንዳንዱ ፋብሪካ እጀታው ሥር፣ ስለቱ ላይ የራሱን ምልክት ያኖራል። የአይክሆርን ፋብሪካ ምልክት ሽኮኮ ናት። የቬየርስበርግ ኪርሽባውም ደግሞ የራስ ቁር ያጠለቀ ባላባት ራስ ነው።

ከሁሉም የሚከብደኝ ምልክት ሚዛን ነው። በጦር ሠራዊትና በአየር ኃይል ጩቤዎች ላይ በብዛት ይታያል፣ «አልኮሶ» ከሚል ጽሑፍ ጋር። አሌክሳንደር ኮፐል ዞሊንገን ማለት ነው። ኮፐሎች አይሁዶች ነበሩ። ድርጅቱ የተመሠረተው በ1821 ነው፤ ከቤተሰቡ ጉስታቭ ኮፐል በከተማዋ የክብር ዜጋ ተብሎ ነበር። በ1930ዎቹ አጋማሽ ግን ፋብሪካው ከእጃቸው ወጣ። ምልክቱና ስሙ ቀረ፣ ሰዎቹ ተገፉ። የጉስታቭ ልጅ፣ በመሥራቹ ስም የተጠራው ዶክተር አሌክሳንደር ኮፐል፣ በ1942 ወደ ቴሬዚንሽታት ማጎሪያ ተግዞ እዚያው ሞተ። ዛሬ ዞሊንገን ውስጥ በስሙ የሚጠራ ትምህርት ቤት አለ። ንስርና ስዋስቲካ ያለበት ጩቤ ላይ የተባረረ አይሁድ ቤተሰብ ስም ተቀርጾ መገኘቱ! የዚያን ሥርዓት አሠራር ከዚህ በላይ ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ ዕቃ ያለ አይመስለኝም።

ጩቤዎቹ ሰብሳቢ እጅ የገቡት በአብዛኛው በድል አድራጊ ወታደሮች በኩል ነው። አሜሪካውያን በ1945 ከቢሮ፣ ከመጋዘን፣ ከምርኮኛ ወገብ ላይ እየፈቱ ወደ አገራቸው ወሰዱ። አንዳንዶቹ ዕቃው ይውጣ የሚል በአለቃ የተፈረመ ወረቀት ነበራቸው። ያ ወረቀት ዛሬ ከጩቤው ጋር ከተገኘ ትልቅ ነገር ነው፣ ማን፣ ከየት የሚለውን የሚመልስ እሱ ነውና።

እንግዲህ ፎርጅዱ። ብዙ ነው፣ ጥሩ ጥሩውም ብዙ ነው። ሙሉ በሙሉ አዲስ የተሠራ አለ። ከዚያ የሚከፋው ግን ከጦርነቱ በኋላ ፋብሪካ ውስጥ ከተራረፈ እውነተኛ ክፍል የተገጣጠመው ነው። ስለቱ የዘመኑ፣ እጀታው የዘመኑ፣ ጩቤው ግን በዘመኑ ማንም ያልታጠቀው። ስለዚህ ክፍሎቹ አብረው ማርጀታቸውን እዩ። ቆዳው ደርቆ ተሰነጣጥቆ ሽቦው እንደ አዲስ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ጠይቁ። የአፎቱ አፍና የስለቱ ትከሻ ሳይላወስ መግጠም አለበት። ንስሩን በማጉያ መነጽር እዩት፤ ከሌላ ቅጂ ላይ የተቀዳ ከሆነ ላባው ደብዛዛ፣ ጠርዙ ክብ ክብ ያለ ይሆናል። አልትራቫዮሌት መብራትም ይጠቅማል፣ የዘመናችን ሰው ሠራሽ ክር ብዙ ጊዜ ቦግ ብሎ ይበራል። ሻጩ «አያቴ ነው ያመጣው» ካለ ጥሩ፣ ግን የምትገዙት ዕቃውን እንጂ ወሬውን አይደለም።

ስለ ሕግም ባጭሩ። ጀርመን ውስጥ በግል ማስቀመጥ አልተከለከለም፤ የተከለከለው ስዋስቲካውን በአደባባይ ማሳየትና ማሰራጨት ነው፣ ለትምህርት፣ ለምርምርና ለመሳሰለው ካልሆነ። ለዚህ ነው በጨረታ ፎቶዎች ላይ ምልክቱ ተሸፍኖ የምታዩት። ጀርመን ወይም ኦስትሪያ የምትኖሩ ከሆነ ፎቶ ከመለጠፋችሁ በፊት አስቡበት።

ሰዎች ይሄንን መሰብሰብ ነውር ነው ሲሉኝ ጥያቄው ይገባኛል። ንስሩን አይቶ የሚኮራ ሰው አለ፣ ከሱ ጋር አልቀመጥም። ግን ዕቃው ቢቀልጥ የኮፐልን ስም ያኖረው ብረት አብሮ ይቀልጣል። እኔ የምፈልገው ጩቤው ሳሎን ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል አይደለም፤ ከነታሪኩ፣ ከነወረቀቱ፣ ማን እንደሠራውና ምን ዓይነት መሥሪያ ቤት እንዳስታጠቀው ከሚያስረዳ ጽሑፍ ጋር እንዲቀመጥ ነው።

አንድ እጃችሁ ከገባ በብረት ማጽጃ አትፈትጉት፤ የተቀረጸው ምልክት ይጠፋል፣ ዋጋውም አብሮ ይወርዳል። ስለቱን በስሱ ሰም ቀቡትና ከአፎቱ ውጪ አስቀምጡት፣ አሮጌ ቆዳ እርጥበትና አሲድ ስለሚይዝ ብረቱን ይበላዋል። በባዶ እጅ ስለቱን አትንኩ።